የታኅሣሥ ቅዳሜ በደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መቀመጧን የዘነጋ እንግዳ ካለ፣ በታኅሣሥ ማለዳ ደጅ ወጥቶ ሣሩን ያለበሰውን ውርጭ ቢረግጥ ወዲያው ይገባዋል። ዛሬ ጠዋት በግቢያችን ያደረው የባልዲ ውኃ ስስ በረዶ ለብሶ ስላገኘሁት፣ ፊቴን መታጠቡን እስከ አራት ሰዓት አቆይቼዋለሁ (ለእናቴ ግን ታጥቤያለሁ ብያታለሁ)።

ሰማዩ ያለ ደመና ሲያድር ምድሪቱ የቀን ሙቀቷን ስለምትለቅ፣ ሌሊቱ እጅግ የሚበርደው ቀኑ ብራ በሚሆንበት በዚሁ ወቅት ነው። ረፋድ ላይ ግን ፀሐይዋ ጀርባን እንደ ምድጃ ታሞቃለች፤ የሰፈራችን አባቶችም ጋቢያቸውን ተከናንበው ከግንቡ ሥር ይደረደራሉ። ጥላው በደረሰባቸው ቁጥር በርጩማቸውን አንሥተው፣ የጀመሩትን ክርክር ሳያቋርጡ ወደ ፀሐይዋ ሲጠጉ ማየት ለእኔ ከቴሌቪዥን ይበልጥብኛል።

ምሳችን በሸክላ ድስት የተንተከተከ የባቄላ ሽሮ በገብስ እንጀራ ነበር። የገብስ እንጀራ እንደ ጤፍ ባይለሰልስም፣ ትኩስ ሽሮ ሲፈስበት በሌላ አልለውጠውም። ታናሽ ወንድሜ «ዛሬም ሽሮ?» ብሎ አኩርፎ ነበር፤ ድስቱን ጠርጎ የጨረሰው ግን እርሱ ነው።