መድኃኒቱ አልሠራ ሲለኝ ክኒኖቹን ቆጠርኳቸው

ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ጣቶቼ አይታጠፉም ነበር። የሃይላንድ ክዳን ለመክፈት ልጄን እጠራለሁ። ሰፈር ውስጥ «ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው» ሲባል ስምንት ወር አለፈ። በመጨረሻ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ተባልኩና ይህን በሽታ የሚያበርድ ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት ተጀመረልኝ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ባለ 2.5 ሚሊግራም 6 ክኒን፣ በማግስቱ ደግሞ የመድኃኒቱን ጉዳት የሚቀንስ ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲድ። (ይህ መድኃኒት በስህተት በየቀኑ ከተወሰደ ሰው ሊገድል ይችላል። እርጉዝ የሆነች ወይም ለመውለድ ያሰበች ሴትም መውሰድ የለባትም።)

ሦስት ወር አለፈ፣ እብጠቱ እንዳለ ነው። «እኔ ላይ አይሠራም፣ ሌላ ይታዘዝልኝ» አልኳት ዶክተሯን። እሷ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «ስንት ሳምንት ዘለልሽ?»

ዝም አልኩ። የመረጥኩት ቀን ዓርብ ነበር። ዓርብ ጾም ነው፤ በባዶ ሆዴ ስውጠው እስከ ማታ ያቅለሸልሸኛል፣ ቅዳሜም ሰውነቴ እንደዛለ ይውላል። ስለዚህ ለቅሶ ካለ እዘላለሁ፣ እንግዳ ከመጣ እዘላለሁ። ቤት ገብቼ የተረፈውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ ቆጠርኩ። ለ12 ሳምንት ከተገዛው 72 ክኒን 30ው አለ። አምስት ሳምንት! በዚያ ላይ ሲብስብኝ ከፋርማሲ ፕሬድኒሶሎን (እብጠትን ቶሎ የሚያበርድ ስቴሮይድ) እየገዛሁ እውጥ ስለነበር የቱ እንደረዳኝ፣ የቱ እንዳልረዳኝ እኔም አላውቅም።

ቀኑን ወደ እሑድ ማታ፣ ከእራት በኋላ አዛወርነው። ደብተር ገዛሁ፤ የወሰድኩበትን ቀን፣ ጠዋት ጣቴ እስኪፈታ የፈጀውን ደቂቃ፣ ያበጡትን መገጣጠሚያዎች እጽፋለሁ። ጉበቴንና ደሜንም በየቀጠሮው ታየሁ። ከ12 ሳምንት በኋላ ጠዋት ጣቴ እስኪፈታ የሚፈጀው ጊዜ ከሁለት ሰዓት ወደ አርባ ደቂቃ ወረደ።

ተሻለኝ፣ ግን አልበቃም። ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ የቻልነው ያኔ ነው፤ አሁን በእርግጥ ወስጄዋለሁና። ዶክተሯ እንዳስረዳችኝ፣ በአፍ የሚወሰደው መጠን ከ15 ሚሊግራም ሲያልፍ አንጀት የጨመሩለትን ያህል አይቀበልም። መጠኑን ከፍ አድርጋ የእሑዱን ለሁለት ከፈለችው፣ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ማታ። አንዳንዱ ሰው ከቆዳ ሥር በሚሰጥ መርፌ ነው የሚሻለው። ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ላይ የመድኃኒቱ ውጤት ይቀንሳል፤ ሕክምናው ዘግይቶ የተጀመረለት ሰውም ይከብደዋል፣ የእኔ ስምንት ወር እዚህ ውስጥ ይገባል። ሁሉን በትክክል አድርጎ ምንም ለውጥ የማያይም ብዙ ሰው አለ። አንዱ ምክንያት ብግነቱን፣ ማለትም የመገጣጠሚያውን መቆጣትና ማበጥ፣ በዋናነት የሚያቀጣጥለው የሰውነት ኬሚካል ከሰው ሰው መለየቱ ሊሆን ይችላል፤ የአንዱ ቲኤንኤፍ የሚባለው፣ የሌላው ኢንተርሊዩኪን 6 የሚባለው። እንዲህ ያለውን ሰው «ሰነፍ ነህ» ማለት ግፍ ነው።

ተራ ስንጠብቅ ያገኘኋት አንዲት እናት ደግሞ እብጠቷ ጠፍቶ፣ ደሟም ጥሩ ሆኖ ሕመሙ አልለቅ ብሏታል። የቀረው ሕመሟ ብግነት ስላልሆነ መድኃኒት ቢጨመርላት የምታተርፈው ጉዳቱን ብቻ ነበር።

ለእኔ በሜቶትሬክሴቱ ላይ ሰልፋሳላዚንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች ተጨመሩልኝ። ቀኝ እጄ ጥሩ ነው፣ የግራ አንጓዬ ግን አሁንም ያብጣል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለ ባዮሎጂክ መድኃኒቶች (የሰውነት መከላከያውን አንድ ክፍል ነጥለው ስለሚያግዱት) እንነጋገራለን። እነሱ የተኛ ቲቢን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ ምርመራውን ሰኞ ሰጥቻለሁ፤ ውጤቱን ከደብተሬ ጋር ይዤ እሄዳለሁ።