17 እርሳሶች፦ ሕፃናትን መሪነትና ራስን መጠበቅ ሳስተምር የተሳሳትሁት

የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼን መሪነትንና ራስን ከአደጋ መጠበቅን ማስተማር ስጀምር ሁለቱ የተለያዩ ትምህርቶች ይመስሉኝ ነበር። መሪነቱ ለጎበዞቹና ለደፋሮቹ፣ ራስን መጠበቁ ደግሞ ለሁሉም ነው ብዬ ነበር የያዝሁት። በዚህ አስተሳሰቤ ምክንያት አንድ ልጅ መንፈቅ ዓመት ሙሉ ዓይኔ ሥር ሲበደል ሳላየው ቀረሁ። ሥራውን በጀመርሁበት ሰሞን ከእኔ በፊት ያለፈበት አንድ መምህር ጠርቶ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ ያ ልጅ ያን ያህል ባልተጎዳ ነበር፤ ይህን የምጽፈውም ነገ ሊጀምሩት ላሰቡ መምህራንና ወላጆች ነው።

ዝግጅቱ አላስቸገረኝም። ተማሪዎቹ 46 ናቸው። ለወላጆች ደብዳቤ ጻፍሁ፣ ሁለት ጊዜ ሰብስቤ አነጋገርኋቸው፣ በሳምንት 40 ደቂቃ ተፈቀደልኝ፣ ክበቡም ተቋቋመ። ጭስ ሲበዛ ዝቅ ብሎ እየዳሁ መውጣትን፣ የተቃጠለን ቆዳ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ማቆየትን፣ መንገድ ከማቋረጥ በፊት ቆሞ ግራና ቀኝ ማየትን በየተራ አስተማርሁ። ልጆቹ በጽሑፍ ፈተናው ከሞላ ጎደል ሁሉንም መለሱ፤ እኔም ደስ አለኝ። ያ ደስታ ተገቢ እንዳልነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ «የማላውቀው ሰው ና ቢለኝ አልሄድም» ብሎ ስለ ጻፈ በእውነተኛው ሰዓት እግሩ ይቆማል ማለት አይደለም። ራስን የመጠበቅ ትምህርት በልጆች ላይ ሲፈተሽ በተደጋጋሚ የታየው ይኸው ነው፤ መልሱን በቃል አሳምረው የሚናገሩ ልጆች ነገሩ በተግባር ሲመጣባቸው አያደርጉትም። የሚያድናቸው እየተነሡ መለማመድ፣ ሲሳሳቱ እዚያው መታረምና እንደገና መሞከር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት ልመለስ። ከበላይ የመጣልን መመሪያ በየክፍሉ በውጤቱና በጠባዩ የተመሰገነ አንድ አለቃ እንዲመረጥ፣ አለቃውም የክፍሉ የደኅንነት ተጠሪ እንዲሆን ያዝዛል። አንድ ተማሪ ችግር ሲገጥመው መጀመሪያ ለአለቃው፣ አለቃው ለክፍል ኃላፊው መምህር፣ መምህሩ ለርዕሰ መምህሩ ያሳውቃል። በወረቀት ላይ ሲታይ ሥርዓት ያለው ነገር ነው። አለቃ አድርጌ የመረጥሁት ልጅም በትምህርቱ አንደኛ የሚወጣ፣ ድምፁ የሚሰማ፣ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ከክፍል ወጣ ባልሁ ቁጥር ጠመኔውን እሰጠዋለሁ፤ እሱም የረበሹትን ስም ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ስሙ የተጻፈ ልጅ በእረፍት ሰዓት አይወጣም። ይህን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ መመሪያው አላዘዘኝም። እኔም በልጅነቴ የተማርሁት እንዲሁ ስለ ነበር አንድ ጊዜ እንኳ ቆም ብዬ አልጠየቅሁም።

በሁለተኛው ወር አካባቢ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ደብተር ሳርም ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። «ቲቸር፣ እርሳሴን ወሰደብኝ» አለኝ። ማን እንደ ወሰደበት አልጠየቅሁትም። ቀና እንኳ ሳልል «ለአለቃህ ንገር» አልሁት። ለጥቂት ጊዜ ቆሞ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ የጫማውን ጫፍ በጠረጴዛው እግር ላይ ያሻሽ ነበር። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለተኛ መጥቶ አልነገረኝም።

በኋላ እናቱ መጣች። ልጁ በየሳምንቱ እርሳስ ጠፋብኝ እንደሚላት፣ ተቆጥታው እንደ ነበር፣ እኔ የማውቀው ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። ዕቃውን የማይጠብቅ ዝርክርክ ልጅ መሆኑን፣ በቤት እንድትመክረው ነገርኋት። ይህን ስናገር ልጁ አጠገቧ ቆሞ ነበር። አንድ ልጅ ተበድሎ ሲናገር መምህሩ ወደ በዳዩ ይልከዋል፤ እናቱ ስትጠይቅ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ እንደ ሆነ በፊቱ ይመሰከርበታል። ያን ቀን የሰጠሁት ትምህርት እስከዚያ ድረስ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች ካስተማርሁት ሁሉ ይልቅ ልጁ ልብ ውስጥ እንደ ገባ አልጠራጠርም።

እውነቱ የወጣው በአጋጣሚ ነው። በሰልፍ ሰዓት የአለቃው ቦርሳ ዚፑ ተፈናቅሎ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ከደብተሮቹ ጋር 17 እርሳሶች ተንከባለሉ። አንዳንዶቹ ጫፋቸው የታኘከ ነው። በአንዱ ላይ የባለቤቱ ስም በምላጭ ተፍቆ ተጽፏል። ሌላው ላይ ደግሞ እንዳይጠፋ ተብሎ ቀይ ክር ተጠምጥሞበታል፤ እናቱ የጠመጠመችው ክር መሆኑን በኋላ ሰማሁ። አለቃው ስም ላለመጻፍ ወይም የተጻፈ ስም ለማጥፋት እርሳስ ይቀበል ነበር። እርሳስ የሌለው ላጲስ ወይም መቅረጫ ይሰጣል። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚገብረው፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥም ስሙ ስለሚጻፍ ነው። የክፍሉ ልጆች ሁሉ ያውቁ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ምክንያቱም ወደ እኔ የሚያደርሰውን ብቸኛ መንገድ በበዳዩ ደጃፍ እንዲያልፍ ያደረግሁት ራሴ ነኝ።

ከዚያ ሁለተኛውን ስሕተት ሠራሁ። አለቃውን ከሰልፉ ፊት አውጥቼ እርሳሶቹን አንድ በአንድ ለባለቤቶቻቸው እንዲመልስ አደረግሁት። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከኋላዬ ልጆች ሲስቁ ይሰማኝ ነበር፤ ፍርድ የሰጠሁ መስሎኝ አላስቆምኋቸውም። የሰውን ስም እየጻፉ ማስቀጣትን ያስተማርሁት እኔ፣ ቁጥጥር የሌለበት ሥልጣን የሰጠሁትም እኔ ሆኜ ሳለ ተጠያቂው እሱ ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ማንም ልጅ ምንም አልነገረኝም። የተጋለጠ ሰው ምን እንደሚደርስበት አይተዋልና፣ ስለ ጓደኛቸውም ሆነ ስለ ራሳቸው አፋቸውን ዘጉ።

በዚያው ሰሞን ሱፐርቫይዘር መጣ። ፋይሉን ገልጦ ቼክሊስቱን አንድ በአንድ ተመለከተ፤ ክበቡ ተቋቁሟል፣ ፈተናው ተሰጥቷል፣ የአለቃው ስም ተመዝግቧል። ከዚያ በወርሃዊው ቅጽ ላይ የደኅንነት ተጠሪው ፊርማ እንደሚጎድል ነገረኝ። ለምን እንደ ጎደለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረክሁለት። አዳምጦኝ ሲያበቃ «ምክትሉን አስፈርሙት» አለ። የወረቀቱ ባዶ ቦታ አሳስቦታል፤ ስለ ልጆቹ ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። ይህን ባስታወስሁ ቁጥር አሁንም እናደዳለሁ። የዚያ መመሪያ የመጀመሪያ ገጽ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ይጠቅሳል፤ አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና የመደመጥ መብት እንዳለው፣ አንቀጽ 19 ደግሞ ከማንኛውም ጥቃት ሊጠበቅ እንደሚገባ ይደነግጋል። ሁለቱ አንቀጾች አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆም ግን ከመመሪያው አዘጋጆችም ከእኔም ማንም አላስተዋለም፤ የማይደመጥ ልጅ ሊጠበቅ አይችልም።

በቀጣዩ መንፈቅ ዓመት ስም መጻፍን አስቀረሁ፤ አንድ አለቃ የሚባለውንም ነገር ተውሁት። መሪነትን በትናንሽ ሥራዎች ከፋፍዬ በየሁለት ሳምንቱ ለሁሉም በተራ ማዳረስ ጀመርሁ። በር የሚከፍት፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥኑን የሚይዝ፣ አዲስ የመጣን ልጅ የሚያስተዋውቅ፣ ስንወጣ ከመጨረሻ ሆኖ የሚቆጥር አለ። ማንኛቸውም ሌላውን የመቅጣት ሥልጣን የላቸውም። ለሕፃን የኃላፊነትን ሥራ ስጡት፤ ጓደኛውን የሚያስፈራራበት መሣሪያ ግን አትስጡት። መመሪያው ከዚህ የተለየ ቢልም እኔ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ማሳበቅን በተመለከተም ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። «ሰው ለማስቀጣት ከሆነ ማሳበቅ ነው፣ ሰው ለማዳን ከሆነ መናገር ነው» ብለን ልጆቹን እንድናስተምር ይነገረናል። አባባሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ለይቶ እስኪወስን ድረስ የሚመርጠው ዝምታን ነው። እኔ አሁን ሁሉንም እሰማለሁ። «ላጲሴን ነካብኝ» የሚለውንም ቀና ብዬ፣ ዓይኑን አይቼ እሰማዋለሁ፤ ስለ ላጲስ ሲናገር ያልተሰማ ልጅ ስለ ከባዱ ነገር አይናገርምና። ገለባውን ከፍሬው የመለየት ሥራ የአዋቂው ነው። በተጨማሪም እያንዳንዱ ልጅ ሊነግራቸው የሚችላቸውን አምስት አዋቂዎች በእጁ ጣቶች እንዲቆጥር አደርጋለሁ፤ ቢያንስ ሁለቱ ከቤተሰቡ ውጭ መሆን አለባቸው። አንደኛው ካልሰማው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ የሚሰማው እስኪያገኝም አያቆምም። እኔ ራሴ ያልሰማሁ አንደኛው ጣት እንደ ነበርሁ ነግሬያቸዋለሁ።

«የማታውቁትን ሰው አታናግሩ» የሚለውንም አላስተምርም። በልጆች ላይ የሚደርሰው ጥቃት አብዛኛው የሚፈጸመው በሚያውቋቸው ሰዎች ነው፤ የጠፋ ልጅ ደግሞ የማያውቀውን ሰው ካላናገረ ማን ይረዳዋል? በምትኩ አንዲት ደንብ አለችን፤ ከማንም ጋር፣ ወደ የትም ከመሄድ በፊት ለሚጠብቀኝ ሰው እናገራለሁ። «እናትህ ልካኝ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ ቤተሰቡ አስቀድሞ የተስማማበትን የምሥጢር ቃል ይጠይቀዋል። ይህን ተቀምጠን አንነጋገርበትም፤ ቆመን እየተፈራረቅን እንለማመደዋለን። የሰውነታቸውንም ክፍሎች በትክክለኛ ስማቸው እንጠራለን፣ ለእናትና ለአባት አትንገር የሚባል ምሥጢር እንደማይጠበቅ እንነጋገራለን።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። «እምቢ በሉ፣ ጩኹ፣ ሩጡ» ስትሉ በዚያው ላይ መጨመር ያለበት ነገር አለ። ሰው ሲደነግጥ ይደርቃል፤ ልጅ ደግሞ ይብሳል። ያልጮኸ ልጅ ሳልታዘዝ ቀረሁ ብሎ ራሱን ጥፋተኛ ያደርጋል፣ ከዚያም ይደብቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ «ባትጮኹም ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ በማግሥቱም በዓመቱም መናገር ይቻላል» እላቸዋለሁ። ልጅ ከባድ ነገር ሲነግራችሁም በጥያቄ አታጣድፉት፣ ለማንም አልናገርም ብላችሁ ቃል አትግቡለት። እንደምታምኑት ንገሩት፣ ያለውን በራሱ አነጋገር ጻፉ፣ በዚያኑ ቀን ለሚመለከተው አካል አሳውቁ።

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ በካናዳ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ግቢ የተካሄደ ጥናት አንድ ልጅ ሲበደል አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ልጆች ቆመው እንደሚያዩ፣ ጥቂቶቹ ጣልቃ ሲገቡ ግን ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ እንደሚቆም አሳይቷል። ይህን ሳነብ በእርሳሱ ነገር ዝም ያሉትን ልጆች አሰብሁ። አሁን የተበደለ ልጅ አጠገብ ሄዶ መቆምን፣ «ና እንጫወት» ብሎ እጁን ይዞ መውሰድን እንለማመዳለን። በዳዩን ፊት ለፊት እንዲጋፈጡት አላስገድድም።

በዓመቱ መጨረሻ ለእሳት አደጋ ልምምድ ወደ ሜዳው ስንወጣ ቆጣሪዋ በክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ አንዲት ልጅ ነበረች። እኔ ቆጥሬ 46 ስል እሷ «ቲቸር፣ አልሞላንም» አለችኝ። ሞልተናል አልኋት። ከቦታዋ ሳትነቃነቅ «45 ነን፤ እርስዎ እሱን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት» ብላ በጣቷ አሳየችኝ። ልክ ነበረች፤ አንዱ ልጅ መጸዳጃ ቤት ቀርቶ ነበር። ለእኔ የመሪነት ትምህርቱ የተሳካው ያን ቀን ነው፤ ደግሞም በሱፐርቫይዘሩ ቼክሊስት ውስጥ ይህ የሚመዘገብበት መስመር የለም።

አለቃ የነበረውን ልጅ ለብቻው ጠርቼ፣ በሰልፍ ፊት ማዋረዴ ጥፋት እንደ ነበር ነገርሁት፤ አለቀሰ፣ ከዚያ በኋላ መነጋገር ጀመርን። ከኋላ የሚቀመጠውንም ልጅ እናቱ ባለችበት ይቅርታ ጠየቅሁት። «እሺ ቲቸር» አለኝ። አሁን አምስተኛ ክፍል ገብቷል፣ ሳገኘውም በአክብሮት ሰላም ይለኛል። ባለፈው ወር በመስኮት ሳልፍ አየሁት፤ ሲጽፍ ቆይቶ ሲጨርስ እርሳሱን ካልሲው ውስጥ ከተተው።