አገርህ የት ነው?

ባለፈው ሳምንት ባህር ዳር ሄጄ ነበር። ከመነኸሪያ የጫነኝ የባጃጅ ልጅ ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። "አባይ ማዶ" አልኩት። "አባይ ማዶ የት ጋ?" አለኝ። "ቦኖው ጋ" ልለው ነበር። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ቀረ። ቦኖው ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! ተንተባተብኩ። ልጁ በመስታወቱ ዓይኑን ጣል አደረገብኝና "ጋሼ፣ ለከተማው እንግዳ ነዎት እንዴ?" አለኝ።

አይደለሁም አልኩት። ጥያቄው ግን እስከ ማታ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ዋለ። አሁንም አልወጣልኝም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ያደግኩበት ግቢ ስድስት በር ነበረው። ስድስት በር ማለት ስድስት ቤተሰብ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አንድ ምጣድ ቤት፣ አንድ ሽንት ቤት። ከስድስቱ ውስጥ አንድም የባህር ዳር ተወላጅ አልነበረም። አባዬ የጋይንት ሰው ነው። እማዬ የሜጫ። ከእኛ ቀጥሎ ከዳንግላ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በአውኛ ነው። ጠላ የምትጠምቀው እትዬ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። ጥጉ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ወሎዬው ጋሼ ይኖሩ ነበር፤ ከ77ቱ ድርቅ በኋላ ሁለት ልጆች ይዘው የመጡ። አከራያችን ራሳቸው የቢቸና ሰው ናቸው።

"አገሬ" ሲሉ ሁሉም የተለያየ ቦታ ነው የሚሉት። "አገሬ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው አሉ።" "ከአገሬ በርበሬ መጣልኝ።" "ለፋሲካ አገሬ ደርሼ ልምጣ።" በእኔ የልጅ ልብ አገር ማለት ሩቅ ያለ፣ በአውቶቡስ የሚኬድበት፣ እህል በጆንያ የሚመጣበት ቦታ ነበር። እኛ የግቢው ልጆች እንደዚያ ያለ አገር አልነበረንም። አንድ ቀን መምህራችን በየተራ እያስነሳ "አገርህ የት ነው?" ሲለን፣ "ጋይንት" አልኩ። ጋይንትን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው የወሎዬው ልጅም ተነስቶ "ወሎ" አለ። እሱ ሲመጣ ገና በእናቱ ጀርባ ነበር።

ሰዉን ያመጣው ፋብሪካው ነው። "ጨርቃ ጨርቅ" ነው የምንለው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው ካሳ የተሠራ ነው። እሱ ሲመጣ ሌላው ተከተለ። በ1955 በሶቪየቶች እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ። ጢስ አባይ ላይ የመጀመሪያው ማመንጫ ተተከለ፤ ፋብሪካውም መብራቱን ከዚያ አገኘ። ከዚያ በፊት ባህር ዳር ጊዮርጊስን ተጠግታ የተቀመጠች ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ነበረች። በ1987ቱ ቆጠራ 96 ሺህ ሰው ተገኘባት። በ1999ኙ ከ155 ሺህ በላይ። ይህ ሁሉ ሰው እዚያው አልተወለደም። አንዱ አንዱን እየጠራ ነው የመጣው። አባዬን የጠራው የአጎቱ ልጅ ነው። አባዬ ደግሞ በተራው ሁለት ወንድሞቹንና አንድ የጎረቤት ልጅ ጠራ። እኛ ቤት መደብ ላይ እያደሩ ሥራ ሲፈልጉ ትዝ ይለኛል። እማዬ ጎኗ ላይ እጇን አድርጋ ምጣዱን ታየዋለች፤ ከዚያ አንድ እንጀራ ትጨምራለች።

አባዬ ፈትል ክፍል ነበር። ፈረቃው ይለዋወጣል። አንድ ሳምንት ጠዋት 12 ሰዓት ይገባል፣ አንድ ሳምንት ከቀኑ 8፣ አንድ ሳምንት ማታ 4። ቤታችን የሚተዳደረው በዚያ ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሠርቶ ጠዋት ሲመጣ እኛ በሹክሹክታ እናወራለን። ጥቁሩን ብስክሌት ግድግዳው ላይ ያስደግፈዋል። ከዚያ ደፉ ላይ ይቀመጣል። ቅንድቡ ነጭ ነው። ሽፋሽፍቱ፣ የጆሮው ጠርዝ፣ የማጅራቱ ፀጉር፣ ሁሉም የጥጥ ብናኝ ይዟል። እማዬ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ትመጣለች። ቅንድቡን ከአፍንጫው ወደ ውጭ ትጠርገዋለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሕፃን። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ይሰጣታል። አይነጋገሩም። ነጩ እየለቀቀ ሲሄድ የአባዬ ፊት ይመጣል። ለረጅም ጊዜ አባት ሁሉ ከሥራ ሲመለስ ሸምግሎ የሚመጣ፣ ቤት ገብቶ ሲታጠብ ደግሞ ወጣት የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

እኛ የምንወደው ጠዋት ገብቶ ከቀኑ 8 ሰዓት የሚወጣበትን ሳምንት ነው። ቀን ስለሆነ ድልድዩ ድረስ ሄደን መጠበቅ እንችላለን። ያኔ "አሮጌው ድልድይ" የሚባል ነገር የለም፤ ድልድይ አንድ ብቻ ነው። ፈረቃ ሲለወጥ ብስክሌት ይሞላዋል። የሚገባው ከወዲህ፣ የሚወጣው ከወዲያ። ደወሉ፣ ሳቁ፣ "እንዴት ዋላችሁ" መባባሉ። እኛ ጫፉ ላይ ተደርድረን አባቶቻችንን ከሩቅ እንለያለን። እኔ አባዬን የማውቀው በጉልበቱ ነው፤ ሲነዳ ቀኝ ጉልበቱን ወደ ውጭ ከፈት ያደርጋል። ሲደርስ ሳያቆም በአንድ እጁ አንስቶ የፊተኛው ብረት ላይ ያስቀምጠኛል። አገጩ አናቴ ላይ ያርፋል። የዘይትና የጥጥ ሽታ አለው። ማታ 4 ሰዓት በሚወጣበት ሳምንት ግን እማዬ አትተኛም። ጉማሬ ከወንዙ ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ መንገድ ላይም ይመጣል ይባል ነበር። የብስክሌቱን ደወል ከበር እስክትሰማ ኩራዙ አይጠፋም።

ድልድዩ ዘበኛ ነበረው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ማን ካሜራ ነበረውና! ግን ክልክል መሆኑን ልጅ አዋቂው ያውቃል። ስለዚህ አባዬ ድልድዩን በብስክሌት ሲሻገር የሚያሳይ ፎቶ የለንም። ያለን አንድ ፎቶ ነው፣ ፎቶ ቤት የተነሱት። የተዋሰውን ኮት ለብሶ ከእማዬ ጋር ቆሟል። ቅንድቡ ጥቁር ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ገበያ ስትሄድ እኛ ወደ ሐይቁ። የዘጌ ታንኳዎች እንጨት ጭነው ይመጣሉ። ደንገል ብቻ ነው እኮ፣ የታሰረ ሣር፤ ግን አንድ ሰው ከነእንጨቱ ተሸክሞ ጣናን ያቋርጣል። እንጨቱ ከወረደ በኋላ ታንኳውን ጎትተው አቁመው ያደርቁታል፤ ካልደረቀ ውሃ ይጠጣና ይከብዳል። እኛ ከሥሩ እንቆምና የሚንጠባጠበውን ውሃ በአፋችን እንቀበላለን። አሸዋ አሸዋ ይላል። ቆሮሶ ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ይቆጡናል፣ ቀጥሎ ደግሞ የተጠበሰ ጅራት ይሰጡናል።

ሁሉም ማር አልነበረም። ወባው በየዓመቱ ይመጣል፤ መስከረም ሲጠባ ከስድስቱ በር አንዱ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይጠፋም። ክረምት ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ቦኖው ላይ በጄሪካን ሰልፍ የተነሳ ሴቶቹ ተጣልተው ሳምንት ይኮራረፋሉ። ይህን የምለው ያንን ዘመን ቀብቼ ላሳምረው ስለማልፈልግ ነው። የናፈቀኝ ድህነቱ አይደለም።

አባዬ "ስሞት አገሬ ውሰዱኝ" ይል ነበር። ሁልጊዜ ነው የሚለው፣ በጨዋታ መሀልም። በ1998 ሐምሌ ላይ ሞተ። ዝናቡ ለሦስት ቀን አላባራም። ጋይንት ድረስ አስከሬን ይዞ መሄድ የማይታሰብ ነው። እማዬ አንድ ቀን እንኳ እንጠብቅ ብላ ለመነች፤ ከዚያ ዝም አለች። ድንኳኑን የተከለው እድሩ ነው። የዳንግላው ጎረቤታችን በዚያ ዝናብ ሲቆፍሩ ከዋሉት አንዱ ናቸው። ወሎዬው ጋሼ ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር፤ አካፋ መያዝ አልቻሉም። ጃንጥላ ይዘው የሚቆፍሩት ላይ ቆሙ። እስከ መጨረሻው አልተቀመጡም።

አጎቴ ከጋይንት የደረሰው ለሠልስት ነው። ተቆጥቶ ነበር የመጣው፣ ወንድሜን በሰው አገር ቀበራችሁብኝ ብሎ። ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ውስጡን አየ። ሰዉ ሞልቷል፣ የሚቀመጥበት ጠፍቶ ቆሟል። "ይኸ ሁሉ ማነው?" አላት እማዬን። እማዬ አንድ በአንድ ነገረችው። ይኼ የዳንግላው፣ ይኼ የቢቸናው፣ ያች የደብረ ታቦሯ፣ እነዚያ የፈትል ክፍል ልጆች። አጎቴ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ገባና መሀላቸው ተቀመጠ። ስለ ቁጣው ከዚያ ወዲያ አላነሳም።

የባጃጁ ልጅ በግምት አወረደኝ። ግቢያችን የለም። በቦታው ባለ አራት ፎቅ ቆሟል፣ ከታች ፋርማሲና የሞባይል መጠገኛ። ምጣድ ቤቱ የነበረበትን ለማወቅ በእግሬ ለካሁት፤ ደረጃው ሥር ይመስለኛል። ብስክሌት ለመቁጠር ሞከርኩ። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ሦስት አየሁ። ባጃጁን ግን ማን ይቆጥረዋል።

በእግሬ ወደ ዘንዘልማ አቅጣጫ ተጓዝኩ። ከተማው እየሳሳ ሲሄድ የቆርቆሮ አጥሮች ጀመሩ። አንዱ በር ላይ በኖራ "የሚከራይ ክፍል አለ" ተብሎ ተጽፏል። በሩ ገርበብ ብሏል። አየሁና ልቤ ደነገጠ። አምስት በር በአንድ መስመር። ጥግ ላይ ምጣድ ቤት። ጭሱ። አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አዝላ ልብስ ታሰጣለች። ክፍል ፈልጌ የመጣሁ መስሏት "አንዱ ተይዟል፣ ማዶ ይጠይቁ" አለችኝ። ቆም አልኩና አወራን። ከቋሪት ነው የመጣችው፣ ባሏ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። ጎረቤቷ የእስቴ ሴት ናት፣ ክርስትና አንስታላታለች። "እርስዎስ፣ አገርዎ የት ነው?" አለችኝ።

"እዚሁ ነው። አባይ ማዶ" አልኩ።

"አይ፣ አገርዎን ነው የጠየቅኩት።"

"እሱን ነው የምልሽ። እዚህ ነው የተወለድኩት።"

ትክ ብላ አየችኝ። "እውነትዎን ነው?" አለች። ከዚያ ያዘለችውን ልጅ ወደ ፊት አዙራ አሳየችኝ። "ይህችም እዚህ ነው የተወለደችው" አለች። ልጅቷ ተኝታለች። ግንባሯን ሳምኳትና ወጣሁ።

ስመለስ በአዲሱ ድልድይ ተሻገርኩ። በ2016 ግንቦት ላይ ነው የተመረቀው። 380 ሜትር ይረዝማል። ውብ ነው፣ ደግሞም ያስፈልግ ነበር፤ በጠባቡ ድልድይ ላይ አምቡላንስ ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፎ ያየ ሰው ይህን አይክድም። ወጣቶች ተደግፈው ስልካቸውን ወደ ራሳቸው ያዞራሉ። ማንም አይከለክላቸውም። አሮጌው እዚያው አጠገቡ አለ። ዝቅ ያለ፣ ቀጭን። እኔም ስልኬን አወጣሁ። እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ከልጅነቴ የተረፈ ፍርሃት መሆኑ ነው መሰለኝ፣ ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ። ከዚያ አነሳሁት።

እማዬ አሁን የምትኖረው ሽምብጥ፣ እህቴ ጋ ነው። ዓይኗ ደክሟል። ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስልኩን አጠገቧ አድርጌ አሳየኋት። "ይኼ ድልድዩ አይደል?" አለች ወዲያው። አዎ አልኳት። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደ ፊቷ አስጠጋችው። ጣቷን መስታወቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላ ወሰደችው፣ የሆነ ሰው እንደሚፈልግ።

"ሰው የለበትም እኮ" አለች።