ብር የሚፈጠረው ማተሚያ ቤት ውስጥ አይደለም

«መንግሥት ብር እያተመ ነው» የሚለው አባባል የኑሮ ውድነት በተነሣበት ጨዋታ ሁሉ አይጠፋም። አባባሉ ፈጽሞ ከእውነት የራቀ ነው ባልልም፣ የአድማጩን ዓይን የሚመራው ወደማይመለከተው ቦታ ነው። ዕድሜዬን ከሂሳብ መዝገብ ጋር ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ፣ ብር በአገራችን በምን መንገድ እንደሚፈጠርና የመንግሥት ዕዳ ከማን ወደ ማን እንደሚዘዋወር የማውቀውን ያህል ለመጻፍ ወስኛለሁ።

መስከረም 2013 ዓ.ም. የተደረገውን የብር ኖት ቅያሪ እናስታውስ። የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀየሩ፤ ባለ 200 ብር ኖትም አዲስ ተጨመረ። 2.9 ቢሊዮን ኖት ለማሳተም 3.7 ቢሊዮን ብር እንደወጣ በወቅቱ ተነግሯል። በእኛ ዘመን ከታየው የኖት ኅትመት ሁሉ ትልቁ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሆኖም በአገሪቱ የገንዘብ መጠን ላይ በራሱ የጨመረው ነገር አልነበረም። አሮጌውን ያስረከበ አዲሱን ወሰደ ወይም በባንክ ሂሳቡ አስገባ፤ በቀነ ገደቡ ሳያስረክብ የቀረው ደግሞ እጁ ላይ ወረቀት ሆኖ ቀረ። በዚያው ዘመን ግን አንዲት ኖት ሳትታተም በብዙ ቢሊዮን የሚቆጠር ብር በመዝገብ ላይ ይፈጠር ነበር።

ዋናው መንገድ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ የሚወስደው ቀጥተኛ ብድር ነበር። በጀቱ ሲጎድልና ጉድለቱን የሚሸፍን ግብርም ሆነ የውጭ ብድር ሲጠፋ፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ለብሔራዊ ባንክ ጥያቄ ያቀርባል። ብድሩ 10 ቢሊዮን ብር ነው እንበል። ብሔራዊ ባንክ በሀብት ረድፉ «ከመንግሥት የሚሰበሰብ» ብሎ 10 ቢሊዮን ይመዘግባል፤ በዕዳ ረድፉ ደግሞ በመንግሥት ሂሳብ ላይ ያንኑ 10 ቢሊዮን ይጨምራል። ሁለቱ ረድፎች እኩል ስለሆኑ ኦዲተር የሚያነሣው ጥያቄ የለም። ከማንም ሂሳብ የተቀነሰ ገንዘብ ግን የለም፤ 10 ቢሊዮኑ ትናንት አልነበረም፣ ዛሬ አለ። መንግሥት ከዚህ ላይ ለመንገድ ተቋራጭ ሲከፍል፣ የተቋራጩ ባንክ በብሔራዊ ባንክ ያለው የመጠባበቂያ ሂሳብ ያድጋል፤ ተቋራጩም በባንኩ ያለው ተቀማጭ በዚያው ልክ ከፍ ይላል። እሱ ለሲሚንቶ ነጋዴው፣ ለሹፌሩና ለቀን ሠራተኛው ይከፍላል፤ መጠባበቂያው የሰፋለት ባንክ ደግሞ ተጨማሪ ለማበደር አቅም ያገኛል። የሲሚንቶው ብዛት ግን በዚያ ሳምንት አልጨመረም፤ ስለዚህ የሚጨምረው ዋጋው ነው።

መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም ለአጭር ጊዜ የሚበደርበትን ሰነድ፣ ለጡረታ ፈንድ ሲሸጥ የሚሆነው ከዚህ ይለያል። ፈንዱ ከሠራተኛው ደመወዝ የተሰበሰበውን ነባር ገንዘብ ለመንግሥት ያስተላልፋል እንጂ አዲስ ገንዘብ አይወለድም። ሁለቱም «የአገር ውስጥ ዕዳ» ተብለው በአንድ ሰንጠረዥ ስለሚቀርቡ፣ ጋዜጣ አንባቢው ልዩነታቸውን ለማየት ይቸገራል።

ሁለተኛው መንገድ የንግድ ባንኮች ብድር ነው። ባንክ ሲያበድር የአንዱን ቆጣቢ ገንዘብ አንሥቶ ለሌላው የሚሰጥ ይመስለናል፤ በተግባር ግን ብድሩን በሀብትነት መዝግቦ፣ በተበዳሪው ስም አዲስ ተቀማጭ ይከፍታል። በሌሎች አገሮችም አሠራሩ ይኸው ነው። የእኛን ልዩ ያደረገው ትልቁ አበዳሪም ትልልቆቹ ተበዳሪዎችም የመንግሥት መሆናቸው ነበር። ለኃይል ማመንጫ፣ ለስኳር ፋብሪካና ለባቡር መስመር የወጣው የአገር ውስጥ ገንዘብ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በብድርና በቦንድ የመጣ ሲሆን፣ ዋስ የሆነውም መንግሥት ነው። በዓመታዊ በጀቱ ላይ የማይታይ በመሆኑ የበጀት ጉድለቱ ለዓመታት ልከኛ መስሎ ይቀርብ ነበር። በእኔ እምነት ከቀጥተኛው ብድር ይልቅ ሕዝብ ሳያየው ያለፈው ይህ ነው።

ስኳሩ በተባለው ጊዜ አልደረሰም፤ ባቡሩም የራሱን ዕዳ የሚከፍል ገቢ አላስገኘም። በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን የሚባል ተቋም ተመሥርቶ፣ ወደ 400 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የልማት ድርጅቶች ዕዳ ተሸከመ። ድርጅቶቹ ቀለል አላቸው፤ ባንኩ ግን ገንዘቡን አላገኘም፣ ተበዳሪው ብቻ ተለወጠለት። ቀጥሎም በ2017 ዓ.ም. እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ ለንግድ ባንክ እንዲሰጥ በምክር ቤት ጸደቀና ዕዳው ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተዛወረ። ዜናው «የባንኩ ዕዳ ተቃለለ» በሚል መንፈስ ሲነገር ሰምቻለሁ። ባንኩ የማይከፈል ብድር ይዞ ከሚቀመጥ ቦንድ ቢይዝ እንደሚሻለው አልክድም፤ ውሳኔውንም ከዘገየ በቀር አልነቅፈውም። ሆኖም ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ የተዛወረ ዕዳ ተከፈለ አይባልም። የቦንዱ ወለድም ሆነ ዋናው የሚወጣው ከበጀት ነው።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሂሳቡን የከፈለው ማን ነው? በአመዛኙ ቆጣቢው ነው። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 7,000 ብር ወለድ ይታሰብለታል፤ ከዚያ ላይ 5 በመቶ ግብር ሲቀነስ በደብተሩ የሚያገኘው 106,650 ብር ነው። ንረቱን በ30 በመቶ ብቻ ብናሰላው፣ አምና በ100,000 ብር የሚገዛው ዕቃ ዘንድሮ 130,000 ይጠይቃል። ስለዚህ የቆጣቢው ገንዘብ በአምናው ዋጋ ሲመዘን ወደ 82,000 ብር ወርዷል። የጎደለው 18,000 ብር በአዋጅ ያልወጣ፣ ምክር ቤት ያልመከረበት፣ ደረሰኝም የማይቆረጥለት ግብር ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። የተጠቀመው ደግሞ ዝቅ ባለ ወለድ ተበድሮ በረከሰ ብር የሚመልሰው ወገን ነው፤ ከእነዚህም ሁሉ ትልቁ መንግሥት ነው።

የግል ባንኮችም ድርሻቸውን ከፍለዋል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ መሠረት፣ የግል ባንክ ከሚሰጠው እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዛ ተገደደ። ለአንድ ላኪ 100 ሚሊዮን ብር ያበደረ ባንክ፣ ሌላ 27 ሚሊዮን ለአምስት ዓመት ማሰር ነበረበት። ወለዱ 3 በመቶ ሲሆን፣ ባንኩ ራሱ ለቆጣቢው ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍል ስለነበር ልዩነቱን ከሌላው ተበዳሪ ላይ መፈለግ ግድ ሆነበት። መመሪያው የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው።

ብሔራዊ ባንክ ልጓሙን መያዝ የጀመረው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥተኛ ብድር ካለፈው ዓመት ሲሶ እንዳይበልጥ፣ የባንኮች ብድርም በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ፤ የብድር ጣሪያው በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ 15 በመቶ የሆነ የፖሊሲ ወለድ (ከባንኮች ጋር ለሚያደርገው የገንዘብ ልውውጥ መነሻ የሚያደርገውን ወለድ) አስተዋውቆ፣ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በተደረሰው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት መሠረት ቀጥተኛው ብድር እንዲቆም ተደረገ። ከውጭ የመጣ ግዴታ መሆኑን የሚጠሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ይህችን አንቀጽ ብቻ ነጥዬ ሳያት፣ ማንም ሳያስገድደን ከዓመታት በፊት ልንጽፋት ይገባን ነበር እላለሁ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ብር ዕዳ ነው። ዶላር ሲሆን የብሔራዊ ባንክ መዝገብ ኃይል የለውም። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. በ6.625 በመቶ ወለድ የሸጠችው ቦንድ 1 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ የስድስት ወር ወለዱ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ይህ ሳይከፈል ቀረ። መንግሥት ምክንያቱ አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማስተናገድ እንደሆነ አስረድቷል፤ የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ ሳስቶ እንደነበረም የማይካድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፤ ወራት ሳይቆጠሩም 100 ብርን አለፈ። አንድ ሳንቲም ዶላር ሳይጨመርበት፣ ያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በብር ሲሰላ ከ57 ቢሊዮን ወደ 100 ቢሊዮን ብር በላይ አደገ ማለት ነው። የዕዳውን ሰንጠረዥ በብር ብቻ የሚያነብ ሰው በዚያ ዓመት አገሪቱ እብድ ብድር የወሰደች ሊመስለው ይችላል።

ቀጥተኛው ብድር ሲዘጋ የበጀቱ ጉድለት አብሮ አልተዘጋም። መንግሥት ጉድለቱን የሚሸፍነው አሁን በግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ ሲሆን፣ ተጫራቾቹ ባንኮች በቀድሞው ወለድ አይገዙም፤ የሚጠይቁት ከዚያ እጅግ ከፍ ያለ ነው። በብድር ጣሪያ የታሰረ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ መያዣ መመርመርም ሆነ ተበዳሪ መከታተል የማይጠይቀውን የመንግሥት ሰነድ ለነጋዴ ከማበደር ቢያስቀድም አይፈረድበትም። ብድር ፍለጋ ከባንክ ባንክ የሚመላለሰው ነጋዴ ግን ከጨረታው ማዶ የሚወዳደረው ከራሱ መንግሥት ጋር መሆኑን የነገረው ያለ አይመስለኝም።