ኦጂ ካልገባስ?

የምሠራው ሲያትል ውስጥ፣ አንድ ሐበሻ በከፈቱት ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። ባነር፣ ቲሸርት፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የዕድር ደረሰኝ፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። የቪዲዮ ጌም ሥራ ይመጣልናል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ያለንበትን ከተማ ዘንግተን ነው። ዶታ 2 የሚባለው፣ በቡድን የሚጫወቱት ጌም ባለቤት ቫልቭ ቢሮው ከሐይቁ ማዶ፣ ቤልቪው ነው። የዶታ ትልቁ ውድድር፣ ዘ ኢንተርናሽናል፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2017 በየዓመቱ የተካሄደው እዚሁ ሲያትል ነበር። ይዋል ይደር እንጂ ሥራው ወደ እኛ መምጣቱ አይቀርም ነበር።

መጀመሪያ የመጣው በ2022 ነው። የዚያ ዓመት ውድድር ሲንጋፖር ነበር። ሲንጋፖር ከሲያትል 15 ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ ጠዋት የሚጀመረው ጨዋታ እዚህ የሚደርሰው ማታ፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ ቢራውን ሲይዝ ነው። አንድ የባር ባለቤት ይህን አስቦ የ20ዎቹን ቡድኖች ስም የያዙ ባነሮች አዘዘን። ዓርማ የለም፣ ስም ብቻ። አለቃችን ጋሼ የሰው ዓርማ ያለ ፈቃድ ማተም አይወዱም። ጠበቃ ይፈራሉ።

ችግሩ 18ቱ ቡድኖች ታውቀው ሁለቱ አለመታወቃቸው ነበር። 12 ቡድኖች በዓመቱ ነጥባቸው በቀጥታ ገብተዋል። ስድስቱ የየክልላቸውን ማጣሪያ አሸንፈዋል። የቀሩትን ሁለት ቦታዎች ለመያዝ 12 ቡድኖች እዚያው ሲንጋፖር ላይ የመጨረሻ ዕድል ማጣሪያ ይጫወታሉ። ማጣሪያው የሚያልቀው ጥቅምት 12፣ ውድድሩ የሚጀመረው ጥቅምት 15 በፈረንጆቹ። ደንበኛው ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ፣ ቀደም ብሎ ነው የሚፈልገው።

ከትምህርት በተረፈው ሰዓት አብሮን የሚሠራ የኮሌጅ ተማሪ አለ። ዶታ ሲጫወት ነው ያደገው። ጋሼ ጠሩትና «ማን ይገባል?» አሉት።

«ቲም ሲክሬትና ቲም ሊኩይድ» አለ ሳያቅማማ።

ይህን ማለት ቀላል አልነበረም። ያኔ የብዙ ሰው ዓይን ቲ ዋን የሚባል ቡድን ላይ ነበር። ኦጂ ከሚባለው ቡድን ጋር ሁለት ጊዜ ዋንጫ ያነሱትን ተጫዋቾች፣ አናንና ቶፕሰንን፣ አምጥቷላ። ልጁ ግን በስም አልተታለለም። ጋሼ አመኑት፣ አተምን። ሁለቱም ገቡ። መግባት ብቻ አይደለም፣ ሲክሬት ውድድሩን ሁለተኛ፣ ሊኩይድ ሦስተኛ ሆነው ጨረሱ። ጋሼ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ይሄ ልጅ ዓይን አለው» ማለት ጀመሩ።

ያልተደሰቱት እትዬ ብቻ ነበሩ። ሒሳብ ያዣችን ናቸው። ስለ ዶታ የሚያውቁት ነገር የለም፣ ማወቅም አይፈልጉም። «ከ12 ሁለት ሲመረጥ ስንት ዓይነት ጥንድ ይወጣል?» አሉት ልጁን። ልጁ በስልኩ አስልቶ 66 አለ። «እንግዲህ ከ66 አንዱን መታህ። ጎሽ። የተያዘው የሁለት ባነር ጨርቅ ስለሆነ ዝም ብያለሁ። ልማድ እንዳይሆን ግን።» ጋሼ ሳቁ።

በ2023 ውድድሩ ራሱ ወደ ሲያትል ተመለሰ። ፍጻሜው ክላይሜት ፕሌጅ አሬና ነው። ድሮ ኪይ አሬና የነበረው ማለት ነው፣ ጣሪያውን ትተው ከሥሩ እንደ አዲስ የሠሩት። ሽልማቱ በ2021 ቡካሬስት ላይ ከነበረው 40 ሚሊዮን ዶላር ወርዶ ከ3 ሚሊዮን ትንሽ ቢበልጥ ነው። ለእኛ ግን የሚያሳስበው ሽልማቱ ሳይሆን ወደ ከተማው የሚጎርፈው ሰው ነበር። አንድ ነጋዴ የደጋፊ ሻርፕ አዘዘን፣ በየቡድኑ ስም። ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ አለች። ነጋዴው የሚከፍለው ውድድሩ ውስጥ ለሚገቡት ቡድኖች ሻርፕ ብቻ ነው።

ሻርፕ እኛ ቤት አይሠራም። ውጭ የሚያሠሩት ነገር ነው። ቀድመው ካዘዙት ይረክሳል፣ በጥድፊያ ካሉት ይወደዳል። በቀጥታ የገቡት 12 ቡድኖች ታውቀው ስለነበር የእነሱ ወዲያው ታዘዘ። ጥያቄው የምዕራብ አውሮፓ ሁለት ቦታ ላይ ነበር። ብዙ ደጋፊ ያላቸው ቡድኖች የሚፋጠጡት እዚያ ነው፣ ማጣሪያው ደግሞ ገና ነው።

«አንተ ልጅ፣ ማን ይገባል?» አሉ ጋሼ።

«ኦጂና ሲክሬት።»

ምክንያቱን ደረደረ። ኦጂ ዋንጫውን ሁለት ጊዜ በመውሰድ የመጀመሪያው ቡድን ነው፣ በ2018 እና በ2019። ሲክሬት ዓምና ለፍጻሜ ደርሷል። የሲክሬቱ መሪ ፓፒ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ አንድም ኢንተርናሽናል ቀርቶ አያውቅም። እትዬ ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው «ኦጂ ካልገባስ?» አሉ። ልጁ የ2018ቱን ታሪክ አነሳ። ኦጂ ያኔ ሁለት ተጫዋቾቹ ጥለውት ሄደው፣ አሠልጣኙ ራሱ ተጫዋች ሆኖ ገብቶ፣ ማንም ከሚመዘገብበት ክፍት ማጣሪያ ተነስቶ ነው ዋንጫ የበላው። «ኦጂን አይናቁት እትዬ» አላቸው።

«ታሪኩ እስካሁን የሚወራው ማንም ስላልጠበቀው አይደል እንዴ?» አሉት። «የዘንድሮው ነጥባቸው ቢያምር ኖሮስ መች ማጣሪያ ይወርዱ ነበር?»

ጋሼ ግን ልባቸው ያለው ከዓምናው ላይ ነው። የሁለቱም ሻርፕ በብዛት ታዘዘ።

የገቡት ኩዌስትና ኤንቲቲ ናቸው። ኦጂም ሲክሬትም ቀሩ። ፓፒ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንተርናሽናል አመለጠው። ማንም የማይከፍልበት ሻርፕ በካርቶን በካርቶን መጣልን። ለኩዌስትና ለኤንቲቲ ደግሞ በጥድፊያ ዋጋ አዘዝን።

ጋሼ የተቆጡት ልጁን ነው። ዓምና «ዓይን አለው» ያሉትን ልጅ ዘንድሮ «ጌም ሲያፈጥ የሚውል» አሉት። እኔ እዚህ ላይ ከልጁ ጎን ነኝ። ግምቱ የሞኝ አልነበረም፣ ሌላም ጌም የሚያውቅ ሰው ተመሳሳይ ሊል ይችል ነበር። ዓምናም ቢሆን ያን ያህል ጠቢብ አልነበረም፣ ስለመታ ነው የተሞገሰው።

ነገሩን የፈቱት እትዬ ናቸው። ልጁን ብቻውን አስቀምጠው «ለእያንዳንዳቸው ከመቶ ስንት ትሰጣቸው ነበር? እውነቱን ንገረኝ» አሉት። ትንሽ አሰበና «ስልሳ፣ ስልሳ» አለ።

«ሁለቱም አንድ ላይ የሚገቡበትስ?»

ስልሳ በስልሳ ሲባዛ ከመቶ 36 ነው። ያለው ቦታ ሁለት ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ሲገባ ለሌላው የሚቀረው አንድ ነው። ስለዚህ ከ36ም ያንሳል። በልጁ በራሱ ሒሳብ፣ ቢያንስ የአንዳቸው ሻርፕ የመክሰሩ ዕድል ከመትረፉ ይበልጥ ነበር። ይህን ያወቀው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ማንም ጠይቆት አያውቅም። ጋሼ የጠየቁት ስም ነው፣ እሱም ስም ሰጣቸው።

እትዬ ቀጠሉ። አንድ ሻርፕ ቀድሞ ሲታዘዝ 10 ዶላር፣ በጥድፊያ 15 ዶላር ነው እንበል። ቀድመህ ካዘዝክ ቡድኑ ገባም ቀረም 10 ዶላሩ ወጥቷል። ከጠበቅክ 15 የምታወጣው ሲገባ ብቻ ነው። ከመቶ ስልሳ ዕድል ካለው፣ መጠበቅ በአማካይ የሚያስወጣህ 9 ዶላር ነው። ስለዚህ መጠበቁ ይረክሳል። ቀድሞ ማዘዝ የሚያዋጣው ዕድሉ ከመቶ 67 ሲደርስ ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ ሰማ። እኔም አጠገባቸው ወረቀት እየቆረጥኩ ነበር፣ መቁረጤን አቆምኩ። ስለ ጌሙ ምንም የማያውቁት ሴትዮ ከሁላችንም የተሻለ ትንበያ ሠሩ። ማን እንደሚገባ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችን ተለወጠ። ልጁ ከየቡድኑ ስም ጎን ቁጥር ይጽፋል። እትዬ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይይዙታል፣ ወቅቱ ሲያልቅ ያመሳክራሉ። ከመቶ ሰባ ያላቸው ቡድኖች ከአሥሩ ወደ ሰባቱ ገብተዋል ወይ? አሥሩም ከገቡ ልጁ ይፈራል ማለት ነው፣ አምስት ብቻ ከገቡ ደግሞ ይደፍራል። መጀመሪያ ላይ በጣም ይደፍር ነበር፣ በተለይ ትልልቅ ስሞች ላይ። አሁን ተሻሽሏል። የባነር ሥራ ከሆነ ደግሞ ሊገቡ የሚችሉትን ሁሉ ዲዛይን ቀድሜ ኮምፒውተር ላይ እጨርሳለሁ። ፋይል ጨርቅ አይበላም። ውጤቱ ሲታወቅ ያን ማታ ማተም ብቻ ነው።

ግምቱ ራሱ ከብዷል። በነጥብ በቀጥታ መግባት ከ2023 በኋላ ቀርቷል። በ2024 ውድድሩ ኮፐንሃገን ሲሆን፣ ማን በቀጥታ እንደሚጋበዝ የሚወስነው ቫልቭ ነበር። ከነጥብ ሰንጠረዥ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

ያን ጊዜ ጋሼ እንደ ልማዳቸው መጡ። «እሺ፣ ዘንድሮስ ማን ይገባል?»

ልጁ ወረቀቱን ዘረጋላቸው። ስም፣ ቁጥር፣ ስም፣ ቁጥር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«አንድ ስም እንኳ በእርግጠኝነት አትነግረኝም?»

«የተጋበዙትን ልነግርዎት እችላለሁ» አላቸው።