ኮከብን በጆሮ

ዛሬ ደሴ ጭጋግ ውጧት ነው የዋለችው። ጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም። የኔ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ስለ ከዋክብት ነበር።

ክፍሌ ውስጥ አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ አለች። ሰሌዳ ላይ ስዬ "ይኸው፣ እንደምታዩት" ባልኩ ቁጥር ለሷ ምንም እንዳልነገርኳት የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል።

ዛሬ ግን ፐልሳርን በድምፅ አስተማርኩ። ፐልሳር ማለት በፍጥነት የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ ቅሪት ነው። የሬዲዮ ጨረሩ ወደኛ በዞረ ቁጥር አንድ ምት ይደርሰናል። የመጀመሪያውን ያገኘችው ጆስሊን ቤል ናት፣ በ1967 እ.ኤ.አ.፣ ገና ተማሪ ሳለች። በየ1.34 ሰከንዱ ይመታል። ጠረጴዛውን በእርሳስ መታሁ። ጠ... ጠ... ጠ... ክፍሉ እረጭ አለ። ልጅቷ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቆየችና "መምህር፣ ሳይዛነፍ ነው እንዴ የሚመታው? ታዲያ ሰዓት ነዋ!" አለችኝ።

ልክ ናት። ተመራማሪዎች ፐልሳርን እንደ ሰዓት ይጠቀሙበታል። እዚህ ላይ ቀድሟት የደረሰ ተማሪ አልነበረም።

የ1974 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለጆስሊን ሳይሆን ለአማካሪዋ መሰጠቱንም ነገርኳቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ 3 ሚሊዮን ዶላር ተሸልማ፣ በፊዚክስ ዕድል ለሚያጡ ተማሪዎች የትምህርት ዕድል እንዲውል ሰጠችው።

"ሙሉውን?" አለች አንዷ ከኋላ።

"ሙሉውን።"

ነገ ከፒያሳ ዶቃ እገዛለሁ። ኦሪዮን የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ለዓይነ ስውሯ ተማሪዬ ካርቶን ላይ ልሰፋላት ነው፣ ትልልቁን ዶቃ ለደማቆቹ ኮከቦች።