ቀብድ ያልተከፈለበት ክፍል

ጎንደር ሆቴል ውስጥ የሠራ ሰው የጥምቀት ሰሞን የአልጋ ጭንቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሒሳብ ያዥ በነበርኩበት ሆቴል፣ ጥር 10 ማለዳ፣ ሥራ አስኪያጁ መጥቶ «ቀብድ ያልከፈሉትን የስልክ ደንበኞች ሰርዙና ክፍሉን ለመጣ ስጡ» አለን። ዋጋው እጥፍ ሆኗል።

በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት እንግዳ ተቀባይ እስክሪብቷቸውን መዝገቡ ላይ ጣል አድርገው «ይሄማ ነውር ነው!» አሉት።

«እትዬ፣ ነውር ሳይሆን ሥራ ነው። ደግሞ በስልክ የያዘ መች ይመጣል?»

የመጨረሻዋን ስሰማ የዓምናውን የስልክ ደንበኞች መዝገብ አወጣሁ። ገጹን በጣት እየተከተልን አየነው፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ስም አጠገብ የመታወቂያ ቁጥርና ፊርማ አለ፤ መጥተዋል ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ አልካደም። «ይምጡ እንግዲህ፤ ቀብድ ያልከፈለ ግን መብት የለውም» አለ።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ስቲቨንሰን በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍና በ1944ቱ መጽሐፉ የለየው ይህንን ነው። ሰው ስለ እውነታው ባለው እምነት ሊለያይ ይችላል፤ እውነታውን ተስማምቶም በሚደግፈውና በሚጠላው ሊለያይ ይችላል። «ጥሩ ነው» የሚል ሰው፣ በእሱ አባባል፣ «እኔ ደግፌዋለሁ፤ አንተም ደግፈው» የማለት ያህል ነው። መዝገቡ የመጀመሪያውን ክርክር ዘጋው፣ ሁለተኛውን ግን አልነካውም። በየስብሰባው ቁጥር ስንደረድር የምንውለው ይህን ሳንለይ ነው፤ ያሳዝነኛል።

እትዬ ቁጥር አልጨመሩም። «ልጄ፣ እናትህ ቃላችንን አምነው ከደባርቅ ቢመጡና በከተራ ምሽት ጓዛቸውን ይዘው እዚህ ቢቆሙ ምን ትላቸዋለህ?»

ሥራ አስኪያጁ ቁልፎቹ የተሰቀሉበትን ሰሌዳ ትንሽ ሲያይ ቆየና «የዘንድሮው ይቆይ። ለከርሞ ግን ቀብድ በቴሌብር፣ ያለዚያ አንይዝም» አለ።

ስቲቨንሰን ይህንንም ያስረዳል፤ አዲስ ነገር ማየት ስሜትን ሊለውጥ እንደሚችል ራሱ ጽፏል። እኔ ግን እትዬ ስሜታቸውን ብቻ ተናገሩ ብዬ መቀበል ያቅተኛል። ያ እንግዳ በእኛ ቃል ተማምኖ መንገድ ጀምሯል። እሳቸው ቢቆጡም ባይቆጡም ይህ አለ፤ የሥራ አስኪያጁን ልብ ሊይዝ የሚገባውም ይኸው ነበር። «ሊይዝ የሚገባው» ስል ደግሞ ስለ ስሜቴ ማውራቴ አይደለም።

የቀብዱ ደንብ ጸድቋል፣ ሁለቱም ወደውታል። በዚያ ቀን ጉዳይ ግን እሱ «ለእትዬ ብዬ ነው የተውኩት» ይላል፤ እሳቸው ደግሞ «ነውር ስለሆነ ነው እንጂ ለእኔ ብሎማ ምን በወጣው!» ይላሉ።